የእህል መጋዘኑ የቀስት ቤት ይሆን?

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው፦

«ጋሼ፣ ሰላም ነዎት? የወሎ ልጅ ነኝ፤ የከተማዬን ስም ባይጠቅሱብኝ ደስ ይለኛል። ዘጠኝ ዓመት ውጭ አገር ሠርቼ ተመልሻለሁ። እዚያ ሳለሁ የቀስት ስፖርት ለመድኩ። አሁን እዚሁ፣ ሰው ቤት ውስጥ ቀስት የሚለማመድበት አዳራሽ ከነሱቁ ልከፍት አስቤያለሁ። 30 በ12 ሜትር የሆነ የድሮ የእህል መጋዘን አግኝቻለሁ። በአንድ በኩል ጋራዥ፣ በሌላው በኩል መኖሪያ ቤቶች አሉት። ባለቤቱ ቀብድ አምጣ እያሉ ነው። ንግድ ጽሕፈት ቤት ስሄድ ማዘጋጃ ቤት ሂድ አሉኝ። ማዘጋጃ ቤት ፖሊስ ጠይቅ አለኝ። ፖሊስ ስፖርት ጽሕፈት ቤት ላከኝ። ስፖርት ጽሕፈት ቤቱ ደግሞ መጀመሪያ ንግድ ፈቃድ አምጣ አለ። ከየት ልጀምር?»

አብሽር ወንድሜ። አራቱም ቢሮዎች ያሉህ ነገር ከየወንበራቸው ሲታይ ትክክል ነው። ችግሩ አራቱንም «ቀስት ቤት መክፈት ይፈቀዳል ወይ?» ብለህ መጠየቅህ ነው። ለዚህ መልስ ያለው ቢሮ የለም። በየትኛውም ቅጽ ላይ «ቀስት» የሚል ሳጥን አታገኝም። ሳጥን የሌለው ጉዳይ ሲመጣ ደግሞ ባለሙያ የሚያውቀው መውጫ ጎረቤት ቢሮ መላክ ነው። እኔም አሥራ አንድ ዓመት ፕላን ክፍል ስሠራ ስንቱን ልኬያለሁ፤ አልዋሽህም።

ስለዚህ ቀስቱን ለጊዜው እርሳውና ቤቱን ያዝ። ቤቱ የእህል መጋዘን ነበር። አንተ ሰው የሚሰበሰብበት የስፖርት አዳራሽና ሱቅ ልታደርገው ነው። በዚህ ቦታ፣ በዚህ ቤት፣ ይህ የአገልግሎት ለውጥ ይቻላል ወይ? ይህን የሚመልስ ቢሮ አለ፤ እዚያው ማዘጋጃ ቤት ያለው የከተማው ፕላን ክፍል ነው። መነሻህ እሱ ይሁን። የቀሩት ሦስቱ የሱን ወረቀት ሲያዩ ይለሰልሳሉ።

ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር ልንገርህ። በ2001 የወጣው የህንፃ አዋጅ፣ ቁጥር 624/2001፣ «ግንባታ» የሚለውን ቃል ሲተረጉም አዲስ ቤት መሥራትን ብቻ አይደለም የጠቀሰው። የነባር ህንፃን አገልግሎት መለወጥንም ግንባታ ይለዋል። አንድ ብሎኬት ሳታነሳ፣ ጆንያውን አውጥተህ ኢላማ ብትሰቅል በሕግ ዓይን ግንባታ ጀምረሃል። «ቀለም ብቻ ነው የቀባሁት» የሚለው ክርክር ደንብ አስከባሪ ፊት አያቆምህም።

ያው አዋጅ ህንፃዎችን ሀ፣ ለ እና ሐ ብሎ ይመድባል። ምድብ ሀ ትንሿ ናት፤ በሁለት ምሰሶዎች መካከል ከ7 ሜትር ያልበለጠ ባለ አንድ ፎቅ ቤት። ያንተ መጋዘን 12 ሜትር ስፋት አለው። መሐሉ ላይ ምሰሶ ከሌለ፣ የብረት ጣሪያው ከግድግዳ ግድግዳ የሚዘል ከሆነ፣ ከምድብ ሀ ወጥተሃል። ሕዝብ የሚሰበሰብበት ነው ከተባለ ምድብ ሐ ሊያስገቡህም ይችላሉ። ትርጉሙ፣ ስዕሉን ሰፈር ያለ ልጅ በወረቀት ጫርጫር አድርጎ አይሰጥህም። ፈቃድ ያለው ባለሙያ ሠርቶ መፈረም አለበት። የዚህን ወጪ ከአሁኑ በጀትህ ውስጥ ክተተው። አዋጅ ይሻሻላልና ቅጽ ስትወስድ «የቅርቡ የትኛው ነው?» ብለህ ጠይቅ።

አሁን ወደ ወረቀቱ። መጀመሪያ የምትፈልገው የፕላን መረጃ የሚባለውን ነው። በከተማ ፕላን አዋጁ፣ ቁጥር 574/2000፣ ሁለት ዓይነት ፕላን አለ። መዋቅራዊ ፕላን ከተማውን በጥቅሉ ያሳያል፤ ይህ ሰፈር መኖሪያ፣ ያ ንግድ፣ ያኛው ኢንዱስትሪ እያለ። የተሠራው ለአሥር ዓመት ነው። የአካባቢ ልማት ፕላን ደግሞ ወረድ ብሎ ብሎክ በብሎክ ይናገራል። ያንተ ቦታ ላይ ሁለቱም ምን እንደሚሉ በጽሑፍ ይስጡህ። «ችግር የለውም፣ ሥራ» የሚል የቃል መልስ አትቀበል። የነገረህ ባለሙያ በሚቀጥለው ወር ሊቀየር ይችላል።

ጋራዥና መኖሪያ ጎን ለጎን ካሉ ሰፈሩ ቅይጥ አገልግሎት የመሆን ዕድል አለው። ቅይጥ ከሆነ ግማሹን መንገድ ሄደሃል። መኖሪያ ከሆነ ለሰፈሩ የሚያገለግል የስፖርት ቦታ ነው ብለህ ማስረዳት ይጠበቅብሃል፤ ሱቁንም አሳንሰው። መጋዘንና ኢንዱስትሪ ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል። ያኔ ስለ ፍላጻው ማንም አይጠይቅህም። የጭነት መኪና በሚመላለስበት ግቢ ልጆች እንዴት ይገባሉ፣ እንዴት ይወጣሉ ይሉሃል።

ፕላኑ ላይ የአገልግሎቱን ቀለም ስታይ ግን የመንገዱን መስመር እንዳትረሳ። የራሴን ጉድ ላውራህ። አንድ ደንበኛዬ ጂም ሊከፍት አዳራሽ ተከራየ። ፕላኑን አየሁለት፤ ቅይጥ ነው። «ቀጥል» አልኩት። የስድስት ወር ኪራይ ከፈለ፣ ግድግዳውን ሙሉ መስታወት አለበሰው። ከዚያ ፈቃድ ልናወጣ ስንገባ የታቀደ መንገድ የአዳራሹን ግማሽ ይዞ ያልፋል። መስመሩ እዚያው ፕላን ላይ ነበር። እኔ ቀለሙን ነው ያየሁት። መስታወቱን ነቅለን ስናወጣ ሁለቱ ተሰበሩ፤ የነሱን ዋጋ እኔ ከፈልኩ።

ይሄ ነገር በተለይ ደሴ ላይ ይብሳል። ከተማዋ ከጦሳ ግርጌ በተራራና በገደል መሐል ተጣብቃ ነው ያለችው። መንገድ ሲሰፋ የሚሄድበት ሜዳ የለውም፤ ወደ ቤት ነው የሚገባው። 30 ሜትር ደልዳላ ቦታ ራሱ ብርቅ ነው። ቢገኝም ብዙ ጊዜ ከኋላው ተቆርጦ የቆመ አፈር አለ። መሬት መንሸራተት ደሴ የምታውቀው ችግር ስለሆነ የኋላውን ግድግዳ ክረምት ላይ ሄደህ እየው፤ እርጥበት ካለው ተወው። ኮምቦልቻ ሜዳው ሰፊ ነው፣ መጋዘንም አይጠፋም። እዚያ የሚያስቸግረው የቦታው አገልግሎት ለኢንዱስትሪ ወይም ለማከማቻ ተብሎ መያዙ ነው።

ደብዳቤውን እንዴት እንደምትጽፈው ላሳይህ። ጉዳዩ የሚለው መስመር ላይ እንዲህ በል፦ «ነባር የእህል መጋዘንን ወደ ቤት ውስጥ የኢላማ ስፖርት አዳራሽና የስፖርት ዕቃ መሸጫ ለመለወጥ የፕላን መረጃ እንዲሰጠኝ ስለመጠየቅ።» እዚህ ውስጥ ባለሙያው የሚያውቃቸው ቃላት አሉ፤ ስፖርት፣ አዳራሽ፣ መሸጫ። ቀስት መሆኑን አትደብቅ፤ የመጀመሪያው አንቀጽ ላይ በግልጽ ጻፈው። «ተኩስ» የሚል ቃል ግን አንድም ቦታ እንዳይገባ። ከ2014ቱ ጦርነት በኋላ በእኛ ከተሞች ይህን ቃል በሰላም የሚያነብ ሰው ጥቂት ነው። «ተኩስ መለማመጃ» ብለህ ብትጽፍ ደብዳቤህ ፕላን ክፍል ሳይደርስ ሌላ ቢሮ ይገባል። የስፖርት ጋዜጠኞች «ቀስት ውርወራ» ይሉታል። እርግጥ ማንም በእጁ አይወረውርም፤ ግን የተለመደው እሱ ነውና እሱኑ ያዝ። ሰዉ ደጋን የሚያውቀው ጥጥ ሲነደፍበት ነው፤ ይሄ ደግሞ ላንተ ጥሩ ነው፤ ለማስረዳት ይመቻል።

አመልካቹ ማን ነው? አንተ ተከራይ ነህ። የአገልግሎት ለውጥ የሚጠይቀው ባለይዞታው ነው። ስለዚህ ባለቤቱ ራሳቸው ይፈርሙ፣ ወይም በሰነዶች ማረጋገጫ በኩል ውክልና ይስጡህ። የይዞታ ማረጋገጫ ካርታቸውን ኮፒ ጠይቅ። ካርታው ላይ ያለው ስምና ቀብድ የሚቀበልህ ሰው አንድ ነው? ቦታው በሊዝ የተያዘ ከሆነ የሊዝ ውሉ ላይ ለምን አገልግሎት እንደተሰጠ ተጽፏል። በሊዝ አዋጁ፣ ቁጥር 721/2004፣ ያንን ለመለወጥ የሚመለከተውን አካል ፈቃድ ይጠይቃል። አንዳንድ ባለንብረት ይሄን ሲሰማ ይሸሻል። ቢሸሽ አሁን ይሽሽ።

ቀብዱን በተመለከተ አትቸኩል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1885 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢተው እጥፍ ይመልሳል። ፕላን ክፍል «አይቻልም» ቢልህና አንተ ብትተወው የተውከው አንተ ነህ ይባላል። ስለዚህ ውሉ ላይ አንድ መስመር አስገባ፦ የአገልግሎት ለውጡ ካልተፈቀደ ቀብዱ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል። ሰውየው እምቢ ካሉ ሽማግሌ ላክባቸው። ያ ካልሆነ ሌላ መጋዘን ፈልግ።

አሁን ዋናው ላይ ደረስን፤ ስዕሉ ላይ። ፈቃድህን የሚያስገኘው ወይም የሚያስቀረው ይሄ ነው። ባለሙያው ወንበሩ ላይ ሆኖ የሚያስበው አንድ ነገር ነው፤ «የሳተው ፍላጻ የት ይሄዳል?» አፉን አውጥቶ ላይጠይቅህ ይችላል። ስዕልህ ግን ይህን መመለስ አለበት።

ጥያቄህን ካነበብኩ በኋላ የዓለም ቀስት ፌዴሬሽንን ደንብ አገላበጥኩ። ለቤት ውስጥ ውድድር የተለመደው ርቀት 18 ሜትር ነው፤ ኢላማውም 40 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ክብ። የኦሊምፒኩ 70 ሜትር ግን የሜዳ ነው፤ እሱን እርሳው። የኢላማው መሐል ከወለል 130 ሳንቲሜትር ከፍ ይላል። ከመወርወሪያው መስመር ኋላ ቢያንስ 3 ሜትር ላይ የመጠበቂያ መስመር ይሠመራል።

ባንተ 30 ሜትር ላይ እናስላው። ከኋላ ግድግዳ ጀምር። ለመረብና ለኢላማ ማቆሚያ 2 ሜትር ተው። ከዚያ 18 ሜትር። ከዚያ 3 ሜትር። ድምር 23። የቀረህ 7 ሜትር ነው። ሱቁ፣ መቀመጫው፣ መጸዳጃው፣ እቃ ማስቀመጫው እዚያ ይገባል። ጠባብ ናት፤ ግን ትበቃለች። በወርድ 12 ሜትር አለህ። ከግራና ቀኝ ግድግዳ አንድ አንድ ሜትር ተው፤ 10 ቀረህ። ደንቡ ለአንድ ቀስተኛ ቢያንስ 80 ሳንቲሜትር ይላል። በዚያ ሂሳብ 12 ሰው ይቆማል። አንተ ግን 8 አድርገው። ጀማሪ ክንዱን ሲዘረጋ የጎረቤቱን ፍላጻ ይነካል። በዚያ ላይ «ደንቡ 12 ይፈቅድልኛል፣ እኔ 8 አደረግሁ» የምትል አመልካች መሆንህ ለመርማሪው ደስ ይላል።

መረቡ ላይ አንድ ነገር ልብ በል። ሰው መረብ ሲባል እንደ ቮሊቦል መረብ ወጥሮ ያስረዋል። የተወጠረ መረብ ፍላጻን ያሳልፋል። ላላ ብሎ፣ እንደ ጋቢ እጥፍጥፍ እያለ፣ መሬት እስኪነካ መንጠልጠል አለበት። ፍላጻው ሲመታው መረቡ አብሮ ይሄድና ጉልበቱን ይበላዋል። ከመረቡ በስተኋላ ያለው ግድግዳ ብሎኬት ከሆነ ጥሩ። ቆርቆሮ ከሆነ ግን አደጋ ነው፤ ከጠንካራ ቀስት የወጣ ፍላጻ ስስ ቆርቆሮ ይበሳል። ከዚያ ግድግዳ ጀርባ ያለው ጋራዡ ነው ወይስ የሰው ጓሮ? በስዕሉ ላይ ጻፈው።

በሩ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይወድቃል። መጋዘን እህል ስለሚጫንበት ብዙ ጊዜ የጎን በር አለው። ያ በር በመወርወሪያው መስመርና በኢላማው መሐል ከወደቀ፣ አንድ ልጅ ከውጭ ከፍቶ ፍላጻ ፊት ሊቆም ይችላል። «እቆልፈዋለሁ» ብትል የእሳት አደጋ መርማሪው ይነሳብሃል፤ የመውጫ በር አይቆለፍም። ኢላማው ራሱ ፎም ወይም የተጨመቀ ጭድ ነው፤ ይነዳል። ሁለቱን ማስታረቅ የምትችለው የጎን በሩን በብሎኬት ደፍነህ፣ ከመጠበቂያው መስመር ኋላ ባለው 7 ሜትር ውስጥ አዲስ መውጫ ስትከፍት ነው። በዚህ አሠራር ሰው ሁሉ ከፍላጻው ጀርባ ይገባል፣ ከፍላጻው ጀርባ ይወጣል። መድፈኑም መክፈቱም ፈቃድ ይፈልጋልና ሁለቱም አንድ ስዕል ላይ ይግቡ፤ ሁለት ጊዜ አትመላለስ። በኢላማው በኩል መስኮት ካለም በጣውላ ይሸፈን።

የህንፃ አዋጁ ሕዝብ የሚገለገልበት ቤት ለአካል ጉዳተኞች የሚመች እንዲሆን ያዛል። ብዙ ሰው ይህን እንደ ቀረጥ ያየዋል። ላንተ ግን ከምንም በላይ የሚጠቅምህ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል፣ በጦርነት የተጎዱ 16 ወታደሮች፣ ወንዶችም ሴቶችም፣ የተወዳደሩት በቀስት ነበር። የፓራሊምፒክ ጅማሬ ከዚያ ነው። በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ ከቆመ ሰው ጋር እኩል የሚወዳደሩበት ስፖርት ብዙ የለም። በከተሞቻችን በጦርነቱ እግሩን ያጣ ስንት ወጣት እንዳለ አንተም ታውቃለህ። መግቢያህ ላይ ደረጃ አታድርግ፤ ራምፕ አድርግ። መጸዳጃው ወንበር ያስገባ። ደብዳቤህ ላይም ይህን ጻፍ። ለማስመሰል ከሆነ ግን ተወው፤ ይታወቃል።

ፖሊስን አትሽሽ። የፕላን መረጃውን ከያዝክ በኋላ፣ ስዕሉን አያይዘህ ለፖሊስና ለሰላምና ፀጥታ ጽሕፈት ቤት አሳውቅ። የሚይዙልህ ነጥብ ልስጥህ። በዓለም አቀፉ የጉምሩክ ታሪፍ ቀስትና ፍላጻ የሚገቡት በአርዕስት 9506 ስር ነው፤ ከስፖርትና ከጂምናስቲክ ዕቃ ጋር። የጦር መሣሪያ ያለው በምዕራፍ 93 ነው። ዕቃ ስታስመጣም ሰነድህ ላይ ይህ በትክክል ይጻፍ፤ አለበለዚያ ጉምሩክ መጋዘን ውስጥ ይከርምልሃል። በሱቅህ ምላጭ ያለው የአደን ጫፍ እንዳይገኝ። ለኢላማ የሚሆን ክብ ጫፍ ብቻ። የተሸጠ ቀስት በመዝገብ ይያዝ፤ ለማን፣ መቼ። ማንም ባያዝህም አድርገው።

የንግድ ፈቃዱ ቀላሉ ነው። የስፖርት አገልግሎትና የስፖርት ዕቃ ችርቻሮ ሁለት የንግድ መስኮች ናቸው፤ ሁለቱንም አስመዝግብ። ስፖርት ጽሕፈት ቤት የብቃት ማረጋገጫ የሚሰጥህ ጂም ቤቶችን በሚያይበት ዓይን ነው፤ ቦታ፣ አሠልጣኝ፣ ደህንነት። የፕላን ወረቀቱን ይዘህ ከሄድክ «መጀመሪያ ንግድ ፈቃድ» የሚለው ክርክር ይቆማል። ሰው ጋ ለሚደርስ ጉዳትም መድን ግባ።

ጎረቤት። ሕጉ የሁሉንም ፊርማ አምጣ አይልህም። ቅሬታ ግን ፋይል ያቆማል። በመኖሪያው በኩል ያሉትን አባወራዎችና እማወራዎች ቡና ጥራ። አቦሉ ላይ ስለ ቀስት አታውራ። ቶናው ላይ ስልክህን አውጥተህ አሳያቸው፤ ሁለት ጊዜ ፊሽካ ሲነፋ ቀስተኛ መስመር ላይ እንደሚቆም፣ አንዴ ሲነፋ እንደሚጀመር፣ ሦስቴ ሲነፋ ሁሉም ቀስቱን አስቀምጦ ፍላጻ ሊነቅል እንደሚሄድ። ድምፁ ከጋራዡ እንደማይበልጥ ራሳቸው ይነግሩሃል። በረካው ላይ «ልጆቼን ታስተምርልኛለህ?» የሚል አይጠፋም። ፈቃድ ሳይወጣ ግን እዚያ መጋዘን ውስጥ አንድም ፍላጻ እንዳትወረውር። አንድ ሰው በስልኩ ቀርጾ ቢለቀው ሁሉ ነገር አለቀ።

ሰኞ ማዘጋጃ ቤት ከመሄድህ በፊት ሜትር ይዘህ መጋዘኑ ሂድ። የጎን በሩ ከኋላ ግድግዳ ስንት ሜትር ላይ እንደሆነ ለካ። የጣሪያው ብረት ዝቅ ያለበት ቦታ ከወለሉ ስንት እንደሆነም ለካ። ከኋላ ያለው ግድግዳ ብሎኬት ይሁን ቆርቆሮ በጣትህ አንኳኳው። ሦስቱን ጻፍልኝ፤ ስዕሉን አብረን እንጀምራለን።